የከብት መውረጃ

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ ላም ናት። ድንኳኔን አሸተተች፣ ሸራውን በምላሷ ሞከረችው፣ የማይበላ መሆኑን ስታውቅ እንደተከፋ ሰው በረጅሙ ተነፈሰች። ዚፑን ከፍቼ ብቅ ስል ከኋላዋ ስድስት ሰባት ከብቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ከእነርሱ ኋላ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን ያንጠለጠለበት፣ ዐሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ አለ። አየኝ፤ አልደነገጠም፣ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ ከብት መውረጃ ላይ እኮ ነው የተኙት።»

ዘወር ብዬ አየሁ፤ እውነቱን ነው። ማታ በባትሪ ብርሃን ቦታ ስመርጥ ደልዳላ፣ እሾህ የሌለበት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው የሚወርድ መሬት በማግኘቴ በዕድሌ ተደንቄ ነበር። ለካ ያ መደልደል የስንት ዘመን የሰኮና ሥራ ኖሯል። በግራና በቀኝ ማሽላ፣ በመሐሉ ሁለት ላሞች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ሰርጥ፣ ሰርጡ ላይ ደግሞ እኔ፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተወትፌ። ካስማዎቹን ነቅዬ ድንኳኑን ከነዕቃው ወደ ዳር ስጎትት ከብቶቹ አንድ በአንድ እያዩኝ አለፉ። የመጨረሻዋ ጥጃ ቆም ብላ አንድ ካልሲዬን አነሣች። ልጁ አስጣለልኝ።

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ስሟን የሰጣት ውሃ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። በልጅነቴ በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ዳሩ ላይ አንድ ሌሊት አድሬ ግን አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጬ ለ14 ዓመታት የሌላ ሰው ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ ከኖርሁ በኋላ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ዘጠኝ ሌሊት ሐይቁ ዳር ለማደር ወሰንሁ። የያዝሁት ድንኳን፣ ጋቢ፣ አንድ ብረት ድስት፣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ትንሽ ቆሎና አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ነው። ዕቅዴ አጭር ነበር፤ ከሰው ርቄ፣ በጥቂት ነገር፣ ውሃ ዳር። ከዕቅዱ የተሳካው «ውሃ ዳር» የሚለው ብቻ ነው።

ወሬ ሐይቅ ዳር ከታንኳ ይፈጥናል። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ሳትላቀቅ የመሬቱ ባለቤት ደረሱ። ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው የታጠቁ፣ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሰው ናቸው። ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ይቅርታዬን ማዥጎድጎድ ጀመርሁ፤ መሬቱ የማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ መሽቶብኝ ነው፣ ምንም አልነካሁም፣ አሁኑኑ እነሣለሁ። ስለ መሬቱ የምለውን አልሰሙኝም። ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ማታ ስትመጣ ያ ቤት አልታየህም?» አሉኝ፣ ከማሽላው በላይ ያለውን የቆርቆሮ ክዳን በዱላቸው እያመለከቱ።

«ታይቶኛል፣ አያ።»

«መብራት አልነበረበትም?»

«ነበረበት።»

«ታዲያ የመሸበት ሰው፣ ሰው ቤት እያለ፣ እንደ ጅብ ሜዳ ያድራል?»

መልስ አልነበረኝም። መሬታቸው ላይ ያለ ፈቃድ በማደሬ የሚቆጣ ሰው ነበር የጠበቅሁት፤ ያገኘሁት ቤታቸውን በማለፌ የተቀየመ ሰው ነው።

ከመምጣቴ በፊት ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤ ነበር። በኖርዌይ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ እንዲራመድ፣ ድንኳን ተክሎም እንዲያድር ይፈቅድለታል፤ ከሰው መኖሪያ ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ይራቅ፣ በአንድ ቦታ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ ይላል። ስዊድን ይህን መብት በ1994 እ.ኤ.አ. ከሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታዋለች። ስኮትላንድ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች። ይህን ሳነብ በቅናት ተቃጥዬ ነበር። እኛስ መቼ ነው እንዲህ ያለ ሕግ የሚኖረን እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰንብቻለሁ። አሁን ግን እኒህ ሰው ፊት ቆሜ፣ ከቤታቸው 150 ሜትር ርቆ መተኛት ሕግን ማክበር ሳይሆን ባለቤቱን መሳደብ የሚሆንበት አገር ውስጥ መሆኔ ገባኝ።

በእኛ አገር የመንገደኛ መብት ሜዳው ላይ ሳይሆን ደጃፉ ላይ ነበር። አያቴ ከላስታ ጨው ነጋዴዎች ጋር ይጓዙ እንደነበር ሲያወሩ፣ ሲመሽ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ይነግሩን ነበር፤ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ።» ከውስጥ የሚመጣው መልስም አንድ ነው፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ።» ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ የሚለው ጥያቄ እግር ከታጠበ በኋላ የሚመጣ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ባለቤቱ እስላም ይሁን ክርስቲያን ማጣራትም አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ሥጋው ላይ ብቻ ነው፣ ለሥጋውም መላ አለው። ኖርዌጂያኑ ሜዳው ተፈቅዶለት በሩ ይዘጋበታል። የእኛ መንገደኛ በሩ ስለተከፈተለት ስለ ሜዳው የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ሜዳው የሚናገር ልማድ እምብዛም ያላደራጀነው።

ፈጽሞ የለንም ማለቴ ግን አይደለም። አዝመራ ሲነሣ ማሳው የሁሉ ነው፤ የማንም ከብት ቃርሚያውን ይግጣል፣ የተቸገረ ሰው የወደቀውን ዛላ ይለቅማል። መሬት ዘር ሲይዝ የባለቤቱ፣ ነዶው ሲወጣ የመንደሩ ይሆናል። የወል መሬት አለ። ጠበል አለ። የከብት መውረጃም አለ፤ እርሱን እኔ ተኝቼበት ነው ያወቅሁት።

ድርድሩ የተካሄደው እቤት፣ ቡና ላይ ነው። እቴቴ (እንደዚያ ብዬ እንድጠራቸው ራሳቸው ነገሩኝ) ቡናውን እየቆሉ ጉዳዬን አዳመጡ። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ሥራ ኖሮኝ፣ ዘመድ ሳላጣ፣ ገንዘብም ሳይጎድለኝ ወድጄና ፈቅጄ ድንኳን ውስጥ ለዘጠኝ ሌሊት ማደር እንደምፈልግ ላስረዳ ሞከርሁ። ቃላቴ ሁሉ ዋጋ ያጡብኝ ጀመር። «ዕረፍት» አልሁ፣ «ጸጥታ» አልሁ፣ «ተፈጥሮ» አልሁ። እቴቴ ማማሰያውን አስቀመጡ።

«እኛ ሜዳ ያደርነው በ77 ነው» አሉ። «ባቲ። ሸራ የደረሰው ሸራ ውስጥ፣ ያልደረሰው እንዲያው በብርዱ። ያኔ የዚህችን ያህል ነበርሁ» አሉና በር ላይ የቆመችውን ትንሽ ልጅ አሳዩኝ። «ስድስት ሆነን ሄደን ሦስት ሆነን ተመለስን። ሰው ወዶ ሸራ ውስጥ ይተኛል?»

ቡናው ጢሱ ወጣ። ማንም አልተናገረም። ጢሱን ወደ አፍንጫዬ እየሳብሁ፣ በኢንተርኔት የገዛሁትን የድንኳኔን ብርቱካናማ ቀለም አሰብሁ። «በቀላሉ መኖር» የምንለው ነገር ምርጫ የሚሆነው ሌላ መኖሪያ ላለው ሰው ብቻ መሆኑን ከዚያ በፊትም በቃል አውቀው ነበር፤ በአካል ግን ያን ዕለት ነው የነካኝ። ወሎ ውስጥ ሜዳ ላይ የተተከለ ሸራ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ይህን ሳያውቁ ወሎ ላይ ድንኳን መትከል፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ማፏጨት ነው።

አያ ናቸው የታረቁኝ። «አብሽር» አሉ፣ ሁለተኛውን ሲኒ እየሰጡኝ። «ማማው ሥር ትተክለዋለህ። ማሽላ ጠባቂ ነው ይባላል፤ ሰውም አይስቅብህ። ምግብ ግን እዚህ ነው።» ስለ ምግቡ ልከራከር ስል እቴቴ «በሞቴ!» አሉ፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

ስለዚህ የቀሩትን ሌሊቶች ማሽላ ጠባቂ ሆኜ አደርሁ፤ ጠበቅሁ ብል ግን ውሸት ነው። ወፎቹን የሚጠብቀው ያ እረኛው ልጅ ነው፤ ለካ የልጅ ልጃቸው ኖሯል። ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ሲያጮህ ወፎቹ እንደ ጨርቅ ተገልብጠው ይነሣሉ፣ ዞረው ሌላው ሰው ማሳ ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያም የሌላው ሰው ልጅ ወደ እኛ ይመልሳቸዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲቀባበሏቸው ይውላሉ። ወንጭፉን እንድሞክር ሰጠኝና የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላዬ ሄዶ የእቴቴን ባልዲ መታ። ከዚያ በኋላ አልሰጠኝም።

ሌሊቱ ከምገምተው በላይ ይበርዳል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ቀን ያሞቅሽኝ ፀሐይ የት ገባሽ ያሰኛል። ንጋት ላይ ከውሃው ጉም ይነሣና ፊላውን ይሸፍነዋል፤ ከጉሙ ውስጥ በመጀመሪያ የሚሰማው የዓሣ አስጋሪዎች ድምፅ ነው፤ ታንኳቸው የሚታየው ቆይቶ ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ ነጭ ራስ ያለው ንስር ይጮኻል፣ ከዚያ አዛን፣ ከዚያ ነፋሱ ከፈቀደ ከገዳሙ በኩል ደወል። አንድ ቀን ሁለቱ ገጠሙ። ብዙ ሰው ስለ ወሎ ሲጽፍ ይህችን ነገር ሳያነሣ እንደማያልፍ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰምቻታለሁና አልተዋትም።

ዓሣውን ከወጣቶቹ እገዛለሁ። ቆሮሶ ነው። የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ከሌላ ውሃ አምጥተው የጨመሩት ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ እዚያው የነበረ ያህል ይናገርለታል። ዓሣ ደግሞ ለወሎ ሰው ትልቅ በረከት ነው። ቢላዋ የማን ነው፣ ማን ባረከው፣ በማን ስም ታረደ የሚል ጥያቄ አያስነሣም። እነ አያ እና እኔ ከአንድ ትሪ ያለ ሐሳብ የበላነው ዓሣ ነው።

መዋኘቴን ግን ልጁ ከለከለኝ። «ቢልሃርዚያ አለ፣ ትምህርት ቤት ነግረውናል» አለኝ። ልክ ነው። በሽታው የሚመጣው በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ አድጎ በቆዳ በኩል ከሚገባ ጥገኛ ትል ነው፤ ፊላው ሥር፣ ጥልቅ ያልሆነውና የማይንቀሳቀሰው ዳር ላይ ይበዛል፤ ሰውና ከብት የሚወርዱትም በዚያው ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፤ ክኒኑ ግን ነገ እንደገና ከመግባት አያድንም። እግሩ ከውሃ ሳይወጣ የሚያድገው ልጅ እኔን ሲመክር አፈርሁ። እርሱ የሚገባው ከብት ለማጠጣት፣ እኔ የምገባው ለመንሳፈፍ። «ታዲያ አንተስ?» ስለው ከትከሻው በላይ ወደ ላሞቹ አየና «እነርሱ አይጠሙም?» አለኝ።

የምጠጣው ውሃ ከቦኖ ነው። ይህን መጻፍ የነበረብኝ ቀደም ብሎ ነው። አምስት ሊትሯ ጀሪካኔ በኩራት ትሞላለች፣ ለቀኔም ትበቃኛለች፤ እንዴት ያለ ቁጠባ! ሁለተኛዋ ልጃቸው ግን በቀን ሁለት ጊዜ 20 ሊትር በጀርባዋ ታመጣለች። የእኔ አምስት ሊትር ከዚያ ውስጥ መሆኗን ያወቅሁት በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ራሴ ሄድሁ። ቦኖው ላይ የተሰለፉት ሴቶች በመካከላቸው ጎልማሳ ወንድ ጀሪካን ይዞ ሲቆም አይተው እስኪበቃቸው ሳቁ። ወደ ፊት አሳልፈውኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ። ዐርባ ደቂቃ ቆምሁ። ከዘጠኙ ቀናት ውስጥ በእውነት በቀላሉ የኖርሁት ያችን ዐርባ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም።

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ፣ ታናሽ ወንድሙ አርዲቦ አለ፤ ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ ወደዚህ ይፈስሳል፣ በመንገዱ ላይ ግን መስኖ ይጠጣዋል። ሐይቁ ራሱ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። የገባው ሁሉ ውስጡ ይቀራል፤ ከተራራው የታጠበ አፈር፣ ከማሳው የወረደ ማዳበሪያ፣ የጫት ፀረ ተባይ፣ ልብስ የታጠበበት ሳሙና። ወንዝ ቢሆን ለታችኞቹ ያስተላልፈዋል። ይህ ግን ታችኛ የለውም።

ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሄድሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ውሃው ሸሽቶ ልሳነ ምድር ሆኗል፣ በእግር ይገባል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት ቤት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ በእርሳቸው ዘመን የተጻፈው ወንጌልም እስከ ዛሬ የተጠበቀበት። ሴቶች ከበሩ አያልፉም። የአካባቢው ሰው ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ሲያወራ የሚናገረው ግን ስለ ሴት ነው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ የተቀመጠችባት ቦታ ብቻ ቀረች ይላሉ፤ ያች ቦታ ገዳሙ ያለባት ናት። ነገሩን ልብ ላለው፣ ያቺ ሴት ዛሬ ብትመጣ የራሷ ቦታ ላይ አትገባም። ይህን ለአንድ መነኩሴ አነሣሁባቸው። ፈገግ ብለው «ሥርዓት ነው ልጄ» ብቻ አሉኝ።

ቢሆንም በሩን አልፌ ስገባ ያየሁት ዛፍ ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ የቁመታቸው መጠን፣ ከሥራቸው ያለው ጥላ። ከበሩ ውጭ ያለው ኮረብታ ባሕር ዛፍና ድንጋይ ነው። «ለሁሉም ክፍት ይሁን» ብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሐይቁ ዳር ያየሁት ትልቁ ዛፍ ግን የበቀለው ለሁሉም ክፍት ባልሆነ ቦታ ነው። ይህን ልሸሸው አልችልም። ክልከላ ሁሉ አንድ አይደለም እላለሁ ለራሴ፤ መነኩሴው የከለከለው ለራሱም ነው፣ ዛፉን ቆርጦ አይሸጥም። ግን ደግሞ ከልካይና ተከልካይ ሳይነጋገሩ የሚመጣ ክልከላ ምን እንደሚሆን ወሎ በደንብ አይቶታል። ከ77 ወዲህ ስንት ተራራ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠርቶለት፣ ችግኝ ተተክሎበት፣ ተከለለ። ገበሬው በስንዴና በዘይት የተከለውን ዛፍ «የመንግሥት ዛፍ» ይለው ነበር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ብዙው ከነመንግሥቱ ወደቀ፤ በመጥረቢያ።

በሰባተኛው ቀን በከተማው በኩል ባለው ዳር ተጓዝሁ። ሐሳቤ ውሃውን በግራዬ አድርጌ እስከምችለው መሄድ ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አልሄድሁም። መጀመሪያ ጫት ማሳ፣ ከማሳው ወደ ውሃው የተዘረጋ የፓምፕ ቱቦ፤ ቱቦውን ተሻገርሁ። ቀጥሎ የቁልቋል አጥር፤ ዞርሁት። ቀጥሎ የሽቦ አጥር። ከዚያ ቆርቆሮ፣ እስከ ፊላው ድረስ፣ ከፊላውም ውስጥ ጥቂት ገባ ያለ። ወደ ዋናው መንገድ ወጥቼ በአንድ መዝናኛ በር ልገባ ስል ጥበቃው በትሕትና አስቆመኝ።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ሐይቁን ላይ።»

«የሚያዝዙት ነገር ካለ መግባት ይቻላል።»

ለስላሳ አዘዝሁ። ከደጅ ሱቅ ከምገዛበት በእጥፍ ዋጋ አጠጥተውኝ፣ ባለ ጥላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሐይቁን አየሁ። ሐይቁ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሆኖ ያምራል። አስተናጋጇ የከተማው ልጅ ናት፣ ደመወዟ ወንድሟን ያስተምራል፤ ጥበቃውም መሬቱን ለዚሁ ቦታ በካሳ የለቀቀ ገበሬ ልጅ ነው። ስለዚህ መዝናኛው ይፍረስ አልልም። የከነከነኝ ሌላ ነው። የለስላሳ ዋጋ ያለው ሰው ይገባል፤ ላም ለስላሳ አታዝዝም። ጥበቃውን ድሮ ከብት በየት በኩል ይወርድ እንደነበር ብጠይቀው በጣቱ ያሳየኝ ወጥ ቤቱን ነው።

ሕጉማ አለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ በባህላዊ መንገድ ከብት ለማርባት፣ በባህላዊ መስኖ ለማልማትና ጉድጓድ በእጅ ቆፍሮ ለመጠቀም ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ ይዘረዝራል። ውሃው የሁላችንም ነው። በውሃውና በእኛ መካከል ያለው ዐሥር ሜትር መሬት ግን የሆነ ሰው ይዞታ ነው፣ ካርታም አለው። ማንም ሐይቁን አልወሰደብንም፤ ሊወሰድ የሚችለው መውረጃው ነው፤ መውረጃ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ቀን ጠዋት አራት ካስማ ቢተክል ያልቃል።

ካስማው የተተከለው በስምንተኛው ቀን ነው፤ ከድንኳኔ ዐሥራ አምስት እርምጃ ላይ። የተከለው የአያ የአጎት ልጅ ነው። ከሰርጡ ማዶ ያለውን ማሽላ ትቶ ጫት ሊተክል አስቧል፤ ጫት ደግሞ ላም የማትደርስበት አጥር ይፈልጋል፣ አጥሩም እግረ መንገዱን የሰርጡን ግማሽ ይዞ ተሰመረ። ልጁ ከብቶቹን ይዞ ሲመለስ አንዷ ጊደር ገመዱን በጥሳ ነበር። ነገሩ ደም ለሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ ለአባጋር፣ የሚደርስ አይደለም፤ ደም የለበትም። ቢሆንም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቡናው የተፈላው ከወትሮው ቀደም ብሎ ነው፤ የአጎት ልጅም ተጠራ።

እንደዚያ ያለ ክርክር ከተማ ውስጥ አይቼ አላውቅም። በአቦሉ ስለ ካስማው ማንም አላነሣም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ደሴ ስላለችው የታመመች አክስት ነው። በቶናው እቴቴ ለማንም ሳይሆን ለጀበናው እንደሚናገሩ ሆነው «ጊደሯ እግሯ ትንሽ ተጭሯል» አሉ። የአጎት ልጅ «ወላሂ አላየሁም» አለ። አያ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የተማርህ ነህ። ሕጉ ምን ይላል?»

ስልኬን አውጥቼ አዋጁን አነበብሁላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። የአጎት ልጅም አዳመጠኝ፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«ሕጉ ደህና ነው» አሉ አያ። «ውሃው የሁላችንም ነው ብሏል። እንግዲህ ላሟ እየበረረች ትድረስበት!»

ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው የአጎት ልጅ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ቀለለ። መውረጃው ስንት ይስፋ የሚለው ላይ ወረዱ። የእኔ ሜትር አላስፈለገም። መለኪያው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ውሃ የጫኑ ሁለት አህዮች፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ሳይነካካ ይተላለፉ። በበረካው ዱአ ተደረገና ቀጠሮ ለጠዋት ሆነ።

ጠዋት አህዮቹ ቀረቡ። አንዷ የአያ፣ አንዷ የአጎት ልጅ። እያንዳንዳቸው አራት ጀሪካን ተጫኑ። ልጁ አንዷን ከላይ፣ እኔ ሌላዋን ከታች ያዝን። መሐል ስንደርስ ጀሪካኖቹ ተላተሙ፤ የአጎት ልጅ ካስማውን በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደው። እንደገና። ተላተሙ። አሁን ሁሉም ወደ አያ አዩ። አያ ምንም ሳይናገሩ ሄደው የራሳቸውን ማሳ ድንበር ድንጋይ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አንከባለሉት፤ ሦስት የማሽላ አገዳ ሰርጡ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ሙከራ አህዮቹ ተላለፉ። የእኔዋ አህያ ስታልፍ ከሦስቱ አገዳ የአንዱን ዛላ ቀጥፋ በላች፤ የሚከለክላትም አልነበረም፤ መውረጃው ላይ የበቀለ የማንም አይደለምና።

ድንኳኔን ያጠፍሁት ያን ቀን ነው። በሶዬ ከሁለት ኪሎው ሩቡ እንኳ አልጎደለም። እቴቴ በላዩ ላይ አንድ ጣሳ ጭኮ ጨመሩበት። መንገድ ድረስ ሸኙኝ፤ ተሳቢ መኪናዎች እየጮኹ ሲያልፉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«አዲስ አበባ መጥቼ አላውቅም» አሉኝ። «ልጄ ትታከማለች ብለውኛል፣ ዓይኗን። እንግዲህ ምናልባት ለጥምቀት ሰሞን።»

«ይምጡ እንጂ! ቤቴ ነው የሚያርፉት።»

«ቢመሽብኝስ?»

«ቢመሽም።»

ሚኒባሱ መጣና ተሳፈርሁ። ኩታበር መገንጠያን አልፈን ደሴ እስክንገባ ድረስ የምኖርበትን ኮንዶሚኒየም እያሰብሁ ነበር። ከታች በር ላይ ጥበቃ አለ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንግዳ የሚገባው ባለቤቱ በስልክ ተደውሎለት፣ ወርዶ፣ ፈርሞ ነው። ደንቡን ያጸደቀው የነዋሪዎች ስብሰባ ነው፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ለእቴቴ ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ለምን እንደሰጠኋቸው አልጠየቁኝም፣ አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።